የሙሽሮቹ ምስክርነት

ሙሽራ ወንበሬ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ ፀጉሯ አይደለም። «ፈረማችሁ?» እላታለሁ። አንዳንዷ ስለ ቀለበት የጠየቅኋት መስሏት ጣቷን ታሳየኛለች። ቀለበቱንስ አይቼዋለሁ፤ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ፈረማችሁ ወይ ነው የምልሽ ስላት ፊቷ ይለዋወጣል። «ሰርጉ ይለፍና እንሄዳለን» ካለችኝ ማበጠሪያዬን አስቀምጣለሁ። በዚህ የተነሳ ተቆጥታ ሌላ ፀጉር ቤት የሄደች አለች። ነገረኛ ናት ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ነገረኛ ያደረገኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከፀጉር ቤቴ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ሱቅ የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ ነበር። ሙሽሮቹ «እትዬ ቬሎ» ይሏታል። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ የምታወራ ሴት ነበረች፤ አንድም ቀን ስፒል ሳትውጥ መኖሯ ይገርመኛል። አብሯት የሚኖረውን ሰው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሚዜ ይለዋል። ሥራው የሰርግ አዳራሽ ማስጌጥ ነው፤ ወንበር ያለብሳል፣ አበባ ይደረድራል፣ መጋረጃ ይሰቅላል። ሚዜ ያሰኘው ግን ይህ አይደለም። በየሰርጉ አንድ ሚዜ ይጎድላል፤ ወይ ታሞ ነው፣ ወይ ከሙሽራው ጋር ተኮራርፎ። ያኔ የእኛ ሰው ከመሰላሉ ይወርድና መኪናው ውስጥ ዘወትር ተሰቅሎ የሚኖረውን ጥቁር ሱፉን ለብሶ የጎደለውን ቦታ ይሞላል። በከተማው ውስጥ የእሱ ፊት የሌለበት የሰርግ አልበም ጥቂት ነው።

እነሱ ራሳቸው ግን አልተጋቡም። ሌላ ሰው ቢሆን ዘመድ ተጣልቶ ነው፣ ወይ ገንዘብ አጥሮ ነው ይባላል። የእነሱ ግን ሰርግ የሚሠሩ ሰዎች በመሆናቸው ነው። የሰርግ ወቅት ሲደርስ ለራሳቸው ቀርቶ ለምሳ ጊዜ የላቸውም። ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ እትዬ ቬሎ «በዚህ ጊዜ ማን ያገባል?» ትላለች። ዝም ብሎ ቢሮ ሄዶ መፈረም ለእሷ ሰርግ አይደለም፤ መብራት ለመክፈል እንደመሰለፍ ነው። ስለዚህ ወቅት ይመጣል፣ ወቅት ይሄዳል፣ እነሱ ለሚቀጥለው ይሉና ያልፋሉ።

ለራሷ የጀመረችው ቬሎ መስኮቱ ላይ ባለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ግን አንድም ጊዜ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። የአንዷ ሙሽራ ዳንቴል በሰርጓ ዋዜማ ሲቀደድ ከራሷ ቬሎ ቆርጣ ትሰፋላታለች። የሌላዋ እጅጌ ሲጠብ የራሷን እጅጌ ፈትታ ትሰጣታለች። ሚዜ ይህን ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ደግሞ «አንቺ ሴት፣ እንዲህ ስታዳርሺ ሳታገቢ ልታረጂ ነው» እላታለሁ። እሷም ትስቅና ለሙሽሮቹ ሁሉ የምትላትን ታመጣለች፦ «እኔ እንኳን ገና ነኝ!»

ይህቺ ጨዋታዋ ነበረች። የፈራች ሙሽራ ሱቋ ስትገባ፣ «አይዞሽ፣ አንቺ እንኳን ደርሶልሻል፤ እኔ እንኳን ገና ነኝ» ትላታለች። ሚዜም ከኋላ ክፍል አበባ እየቆረጠ ይስቃል። ሳቁ ግድግዳውን አልፎ እኔ ዘንድ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሙሽራይቱን ይዛ ልኬት ወደሚለካበት መጋረጃ ወዲያ ትገባለች። መጋረጃው ወዲያ ወንድ አይገባም፤ ሚዜም ቢሆን አይገባም። እኔ ሴቷም ብሆን ሙሽሮቹን የማገኛቸው ለብሰው ወደኔ ሲመጡ ነው። እዚያ ውስጥ የሚባለው የእሷና የሙሽራዋ ነበር።

አንድ ታላቅ ወንድም ነበራት፤ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ጫማዋን ያሠረላት፣ ትምህርት ቤት እጇን ይዞ የወሰዳት። ሚዜ ሻንጣውን ይዞ ከሱቁ ኋላ ያለው ክፍል አብሯት ሊኖር የገባ ሰሞን ወንድምየው መጥቶ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጆሮዬም ሥራ አይፈታም፤ የተባባሉትን ሰምቻለሁ። ወንድምየው አልጮኸም። «ዳረኝ ብለሽ ስትጠሪኝ እመጣለሁ። እስከዚያ ወንድም የለሽም» አላትና ወጣ። እሷም ከዚያ በኋላ አልጠራችውም፤ እሱም አልመጣም። ከእናታቸው የወረሱት የሱቁን ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግትርነቱንም እኩል ተካፍለውታል።

እሁድ ጠዋት የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ጠበቃ በነፃ ሕግ ታስተምር ነበር። እትዬ ቬሎ የአዳራሹን መጋረጃ የሰፋችው እሷ ስለነበረች ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ እኔንም ጎትታ ትወስደኛለች። ሥጋ ሻጩ ሠራተኛ ሲያሰናብት ቀድሞ ማስጠንቀቅ እንዳለበት ተነግሮት አኩርፎ ወጣ። አከራይ ተከራዩን ዕቃውን አውጥቶ በር መዝጋት እንደማይችል ሲሰማ ከኋላ ያሉት ተከራዮች አጨበጨቡ። ባለሱቆቹ ስለ ደረሰኝ ሲነሳ ጣራ ጣራ ያያሉ። እንዲህ እየተሳሳቅን ከቆየን በኋላ እትዬ ቬሎ እጇን አወጣች። አንዲት ደንበኛዬ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው አለች። ሁለት ሰዎች ብዙ ዘመን አብረው ቢኖሩ፣ ሰውም ባልና ሚስት ናቸው ቢል፣ ባይፈርሙ ምን ይሆናሉ?

ጠበቃዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ሕጉ ሁለት ነገር ያያል። ሰው እንደ ባልና ሚስት ያያቸዋል ወይ? እነሱስ ራሳቸውን እንደዚያ ይቆጥራሉ ወይ? አንዳቸው ሲሞት ይህን የሚናገረው ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ የሚናገረው ልባችሁ ውስጥ ያለውን አይደለም፤ ከአፋችሁ የሰማውን ነው። ስለዚህ ደንበኛሽን ሳትሞቺ ፈርሚ በያት።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እትዬ ቬሎ ነበረች። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ ይህ ወቅት ይለፍና እንሄዳለን አለችኝ። እውነቷን ነበር። ወቅቱ ግን እሷን ሳያሳልፍ አለፈ።

ሥራው በጦፈበት ሰሞን ራሴን አመመኝ ስትል ከረመች። አንድ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋ ድምፅ በድንገት ተቋረጠ። እሷ ሥራ ስታቆም መኪናው ቀስ እያለ ነው የሚቆመው፤ የዚያን ዕለት ግን እንደተቆረጠ ክር ነው ዝም ያለው። ሮጬ ስገባ ነጩ ሳቲን ላይ በግንባሯ ተደፍታለች። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ሚዜን «ምኗ ነህ?» አለችው። «ባሏ ነኝ።» «እዚህ ጋ ፈርም።» ፈረመ። ማስረጃ አምጣ ያለው የለም፤ ለኃላፊነት ሲሆን ባልነቱ አልተጠየቀም። በማግስቱ ከሰዓት ሌላ ወረቀት አቀረቡለት፤ ሬሳዋን ለመረከብ።

ቀብሯ ላይ ወንድምየው መጣ። ከጉድጓዱ ወዲያና ወዲህ ሁለት ወንዶች ቆሙ፤ አንዱ እህቴን ይላል፣ አንዱ ድምፅ የለውም። ለቀስተኛው ማንን ቀድሞ እንደሚያጽናና ግራ ገባው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሚዜ ግን እንቢ አለ። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አዳራሽ ሊያስጌጥ ልክ እንደሚወስድ ሰው ጉድጓዱን ዳር እስከ ዳር ያየው ነበር። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ተለያዩ።

ሞት ሲደርስ አብሮ የኖረ ሰው መጥቶ ማስመዝገብ ግዴታው ነው። ይህንንም እሁድ እሁድ ነው የተማርነው። ሚዜ ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ አብሬው ሄድኩ። የምዝገባ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ጨዋ ነበረች፤ አዝናለሁ ብላ ጀመረች። ስሟን ጠየቀች፣ ዕድሜዋን ጠየቀች፣ ሥራዋን ጠየቀች። ሚዜ «ሰፊ» አለና ትንሽ ቆይቶ «የሙሽራ» ብሎ ጨመረ። ከዚያ የትዳር ሁኔታ ላይ ደረሰች።

«ያገባች» አለ።

የጋብቻ የምስክር ወረቀት ይዘዋል ወይ ስትለው የለም አላት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወረቀት ከሌለ ያላገባች ብላ ነው የምትሞላው፤ ወይ ደግሞ ከፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ መምጣት አለበት። ይህን የምትለው በትህትና ነው፤ ከትህትናዋ የተነሳ መጣላት እንኳን አልቻልንም። ሚዜ «ይቆየኝ፣ አይሙሉት» ብሏት ተነሳ። ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው የተናገረው።

«ያላገባች ብላ ልትጽፋት ነው እኮ» አለኝ። «እንግዲያ እኔ ማን ሆኜ ነው አልጋዋ አጠገብ የቆምኩት?»

አንጀቴን በላው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ወንድምየው ሱቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አልተቀመጠም፤ ቆሞ ነው የተናገረው። ቤቱ የእናታቸው ነው፤ በሕግ አሁን የእሱ ነው። ግን አንተን ከዚህ የሚያስወጣህ የለም አለው፤ ቤቱንም፣ የስፌት መኪናዎቹንም፣ ጨርቁንም ለአንተ እሰጥሃለሁ፣ በሕግ አግባብ ፈርሜ እሰጥሃለሁ። እኔ በር ላይ ቆሜ ስሰማ ሰውየውን በክፉ በማሰቤ አፈርኩ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ባሏ ነበርኩ አትበል።»

ሚዜ ለምን ብሎ ጠየቀው።

«እህቴ እኔን ሳትጠራ አላገባችም» አለ ወንድምየው። «አድርጋው ከሆነማ እኔ የለሁም ማለት ነው። ያሳደግኋት እኔ ነኝ።»

ሚዜ አሻንጉሊቱ ላይ ያለውን ቬሎ አየ። «ቤቱን ይውሰዱት፣ ጋሼ» አለ። «መኪናዎቹንም ይውሰዱ። እኔ የምፈልገው ያቺን አንዷን ቃል ነው።»

ሁለት ሰዎች ቤት እየተገፋፉ ቃል ሲሻሙ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰው ለመሬት ይካሰሳል፣ ለግድግዳ ይካሰሳል፤ እነዚህ ግን አንዲት የሞተች ሴት ማንን እንደምትወድ ለማስፈረድ ችሎት ሄዱ። እንደዚያ ያለ ነገር ዳኛ እንደማይፈርደው ማንም አልነገራቸውም።

የሚዜን ጉዳይ የያዘችው ያቺው የእሁዷ ጠበቃ ናት፤ በነፃ። ወንድምየውም ሌላ ጠበቃ ይዞ ተቃወመ። ማመልከቻውን ስታዘጋጅ ምስክር አታብዛ ብላ መከረችው። ጎረቤት፣ ሐኪም ቤት የነበረ ሰው፣ በቃ። ሚዜ ግን ሙሽሮቹ ይምጡልኝ አለ። እጇ የነካቸው፣ ሱቋ ውስጥ ያለቀሱና የሳቁ እነሱ ናቸው፤ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃታል አለ። እግሩ እስኪቀጥን በየቤታቸው ዞረ። አንዷም እምቢ አላለችውም። አንዷ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ መጣች፤ አንዷ ከባሏ ተፋትታ ሳለ «የሰፋችልኝ ቬሎ ግን ምንም አላጠፋም» ብላ መጣች።

የችሎቱ ዕለት ሚዜ ያን ጥቁር ሱፉን ለብሶ ነበር። ክራቫቱን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። በየሰርጉ የሰው ቦታ ሲሞላበት የኖረውን ሱፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ጉዳይ ለበሰው። ወንድምየው በወዲያኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ በዚያች ጥቂት ወር አርጅቷል።

እኔ ቀድሜ መሰከርኩ። ባልና ሚስት ነበሩ አልኩ፤ ሲታመም ሾርባ ይዛ የምትቀመጠው እሷ፣ ስትደክም እግሯን የሚያጥባት እሱ፤ ሲጣሉ እንኳን እንደ ባልና ሚስት ነው የሚጣሉት፣ አንዳቸውም ከቤት አይወጡም። ዳኛው ፈገግ አለ። ወጣት ነው፤ ፊቱ ክፉ አይደለም። ነገሩ የቀናልን መሰለኝ።

ቀጥላ ከሙሽሮቹ አንዷ፣ አስተማሪ የሆነችው፣ ገባች። እሷም በደንብ ተናገረች። ከዚያ የወንድምየው ጠበቃ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሳ። ሟች ባለቤቴ ብላ ስትጠራው ሰምተሻል ወይ አላት። ልጅቷ አሰበችና ሚዜ ነበር የምትለው አለች። ስለ ራሷ ትዳርስ ምን ብላሽ ታውቃለች? እዚህ ላይ የልጅቷ ፊት በራ። የእትዬ ቬሎ ጨዋታ ትዝ ብሏት ነው።

«እኔ እንኳን ገና ነኝ ትለን ነበር» አለች እየሳቀች።

ዳኛው ጻፈው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። ልጅቷ ለጨዋታ ነው እኮ አለች፤ እሱንም ጻፈው። ሁለተኛዋ ሙሽራ ገባች፣ ተጠየቀች፣ ያንኑ አለች። ልጅ የታቀፈችውም ገብታ ያንኑ አለች። እንዳይዋሹ ምለዋል፤ ደግሞም እየወደዷት ነው የሚናገሩት፤ ድምፅዋን ሁሉ እያስመሰሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሚዜ ወዳጅ ብሎ የሰበሰባቸው ሴቶች አንድ በአንድ እየገቡ፣ በገዛ አፏ፣ ያላገባች አደረጓት።

ጠበቃችን የመጨረሻዋ ምስክር ስትገባ ጨዋታውን ጨዋታ ልታሰኘው ፈለገች። ይህቺ ምስክር አባቷ ሰርጓ ላይ አልገኝም ብሎ የነበረ ሙሽራ ናት፤ እኔ ዘንድም እያለቀሰች ፀጉሯን እንደሠራኋት አስታውሳለሁ።

«ገና ነኝ የምትለው እናንተን ለማሳቅ ብቻ ነበር፤ አይደለም እንዴ?» አለቻት ጠበቃዋ።

ልጅቷ ሚዜን አየችው፤ ቀጥላ ዳኛውን።

«ሱቁ ውስጥ ስትለው ትስቅ ነበር» አለች። «መጋረጃው ወዲያ ግን አልሳቀችም።»

ዳኛው ቀና አለ። ቀጥዪ አላት።

«ልትለካኝ ገብተን ሳለ አለቀስኩ፤ አባቴ አይመጣም አልኳት። ሜትሩን አንገቷ ላይ አደረገችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ዛሬውኑ ሄደሽ እግሩ ላይ ወድቀሽ ጥሪው፤ እንደኔ አትሁኚ አለችኝ። እኔም ወንድም አለኝ፤ እሱ መጥቶ እስኪድረኝ ድረስ አግብቻለሁ አልልም አለችኝ። ሄጄ ጠራሁት። አባቴ መጣ።»

 ወንድምየው ፊት ለፊቱ ያለውን አግዳሚ በሁለት እጁ ያዘ። ጠበቃው ደስ ብሎት ሊያናግረው ዘወር ሲል እጁን አወናጨፈበት። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ግድግዳ ተጋርቼያት ይህን ሰምቼ አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከሁላችን ይልቅ ያልሰማው ደግሞ ሚዜ ነበር።

ዳኛው በመጨረሻ እሱን አስነሳው። ሟች እንዲህ ስትል ሰምተህ ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው። ጠበቃችን አንገቷን ደፋች። አልሰማሁም ቢል ማን ይመሰክርበት ነበር? ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ መማል ይችል ነበር። እኔ በልቤ ዋሽ፣ ዋሽ እለው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሴትዮ።

«የመጀመሪያውን እሰማ ነበር» አለ። «ስትለው ደስ ይለኝ ነበር። ሁለተኛውን ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ባለትዳር ነኝ ትል ነበር ወይስ አትልም?»

ሚዜ የሱፉን ቁልፍ ይዞ ቆየ። «እኔ እላለሁ» አለ። «እሷ አላለችም።»

ውሳኔው ሌላ ቀጠሮ ላይ ተነበበ፤ ግን ያን ቀን ያለቀ ነገር ነው። አብረው መኖራቸው ተረጋግጧል፤ ሟች ራሷን እንደ ሚስት ትቆጥር እንደነበር ግን አልተረጋገጠም። ዳኛው ይህን ሲያነብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ጠራ፤ ግን የጠራው እኛ የማንፈልገው እውነት ነበር። ወንድምየው ሄዶ አስመዘገባት። ያላገባች ተብላ ተጻፈች። የምዝገባ ቢሮዋ ልጅ በትህትና ማህተም መታችበት።

ከዚያ በኋላ ነው ወንድምየው ጠበቃችንን አፈላልጎ ያገኛት። ተቃውሞዬን ላንሳ፣ ባሏ ነበር ብዬ ልፈርም አላት። እሷም ጋብቻ በወንድም ፈቃድ የሚሰጥ ነገር አለመሆኑን፣ ይግባኝ ማለት የሚችለው ሚዜ ብቻ እንደሆነ፣ ይግባኙም ያንኑ ምስክርነት እንደሚያይ ነገረችው። ሚዜን ስትጠይቀው በቃኝ አላት።

ስለዚህ ሰውየው ሱቁ መጣ። የሰርግ ወቅት አልፎ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር፤ እኔ ሚዜ ዘንድ ተቀምጬ ዝም ብዬ ክር አጠነጥናለሁ፤ እንዳይከፋው። ወንድምየው ደጁ ላይ ቆሞ መግባት ይቻላል ወይ አለ። የገዛ ቤቱን።

ገብቶ መጋረጃውን በእጁ ገለጥ አድርጎ ወዲያ አየ። አንድ መስታወትና አንድ ዝቅ ያለ በርጩማ ነው ያለው። ከዚያ ቬሎው አጠገብ ቆመ። አንድ እጅጌ የለውም።

«ይህ ለምን ጎደለ?» አለ።

ሚዜ ለሰው ሙሽራ ፈትታ መስጠቷን ነገረው።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። መቃብሯ ላይ ድንጋይ እያስቀረጸ ነው፤ የመጣው ለዚያ ነው። «ድንጋይ ላይ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም» አለ። «ባለቤቷ ብዬ ስምህን ላስጽፍ። ፍቀድልኝ።»

እኔ ክሩን አቆምኩ። ያን ሁሉ የደከመበት ቃል ቤቱ ድረስ መጥቶለታል። በወረቀት ባይሆን በድንጋይ፤ የትኛውስ ይቆያል? በል እሺ በለው እያልኩ በዓይኔ ብለምነው አላየኝም።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለ ሚዜ። «እርስዎ መጥተው ሳይድሩኝ አግብቻለሁ አልልም ብላለች። እኔ ከሞተች በኋላ ቃሏን አላፈርስባትም።»

ሊጎዳው ብሎ አልነበረም፤ ድምፁ ውስጥ ቂም የለም። ግን ወንድምየው መጋረጃው ጋ ያለችው የሙሽሮች በርጩማ ላይ ተቀመጠና ያ ትልቅ ሰው በእጁ ፊቱን ሸፈነ።

«መጥቼ ነበር እኮ» አለ። «አንድ ጊዜ፣ ኩራቴን ውጬ መጥቼ መኪናዬን እዚያ ማዶ አቁሜ ነበር። ይሄን ቬሎ መስኮቱ ላይ አየሁት። ለራሷ እየሰፋች ነው፣ ልትጠራኝ ነው አልኩ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሱፍ ገዛሁ።»

ሚዜ ከኋላ ክፍል ውኃ አመጣለትና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እሷ ከዚያች ሙሽራ ጋር እንደተቀመጠችው መሆን አለበት። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ግድግዳው ስስ ቢሆንም የዚያን ቀን ጆሮዬን አልሰጠሁም።

ወንድምየው ቃሉን ጠብቆ ቤቱን ለሚዜ በስጦታ አዛወረለት፤ ምስክር ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመትቶ፣ እንከን የለበትም። ሚዜ አሁንም አዳራሽ ያስጌጣል። ሚዜ ሲጎድል ግን ከመሰላሉ አይወርድም፤ ሱፉንም ከችሎቱ ወዲህ ለብሶት አላየሁም። ቬሎው መስኮቱ ላይ ነው፣ አንድ እጅጌውን እንደሆነ።

ድንጋዩ የተተከለ ዕለት ሦስታችን ሄድን። ስሟ ብቻ ነው የተቀረጸው። ከስሟ ሥር ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ስለቀረ ጠራቢው ግራ ገብቶት፣ እዚህ ጋ የሚጻፍ አለ ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቀ። ወንድምየው ሚዜን አየው። ሚዜ ድንጋዩን አየ። «ይቅር» አለ ወንድምየው። ጠራቢውም መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።